የካርሜል አፈርና የጎንደር አፈር፦ አመድ እዚያ የጠቀመው፣ እዚህ የሚጎዳው ለምንድን ነው?

በሃይፋ በየሽኹናው ስንዘዋወር አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። እናቶቻችንና አባቶቻችን ከሕንፃው ሥር ወይም በረንዳ ላይ ትንሽ ጓሮ አበጅተው ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ይተክላሉ። ከዳር አንድ የሎሚ ዛፍ አይጠፋም። የዛፉ ቅጠል ቢጫ መሆን ሲጀምር አገር ቤት እንደለመዱት ሥሩ ላይ አመድ ይበትኑለታል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ቢጫነቱ ይብሳል። ጎረቤትም «የዚህ አገር አፈር ለእኛ እጅ አይሆንም» ይላል።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጎንደር ገጠር አመድ መበተን ልክ ነበር፤ ሰብሉም ይመሰክር ነበር። በሃይፋ ያልሠራው አፈሩ ከሌላ ድንጋይ ስለተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የካርሜል ተራራና የሥሩ አፈር ምን ምን ማዕድን እንዳለው፣ ከመጣንበት ደጋ አፈር በምን እንደሚለይና ይህ ለጓሯችንም ለጤናችንም ምን ትርጉም እንዳለው እናቀርባለን።

አፈር ከምን ይሠራል?

አፈር ማለት የተፈረካከሰ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ፣ ውሃና አየር በአንድ ላይ ነው። ከጠጣሩ ክፍል የሚበዛው ከድንጋይ የመጣው ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ ቅንጣቱ መጠን አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተብሎ ይከፈላል። ሸክላ የሚባለው ከአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶኛ የሚያንስ ቅንጣት ነው፤ በዓይን አይታይም። ይሁን እንጂ ለተክል ምግብ የሚሆኑትን ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታስየም ይዞ የሚያቆየው በዋናነት እሱ ነው። አሸዋ ግን ውሃውንም ምግቡንም አሳልፎ ይሰዳል።

ይህን ለእናቶቻችን ማስተማር አያስፈልግም። በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃና በሌሎች መንደሮች የቤተ እስራኤል ሴቶች ድስት፣ ጀበናና ትናንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎች ሲሠሩ የትኛው ጭቃ እንደሚሳብ፣ የትኛው በእሳት እንደሚሰነጠቅ በጣታቸው ያውቁ ነበር። አባቶቻችንም ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ርስት የተከለከለ ሕዝብ ነበርና በሰው መሬት ላይ እያረሰ ኑሮውን በሸክላና በብረት ሲደግፍ ኖሯል። ስለዚህ ስለ አፈር ማዕድን ስንጽፍ ለወገናችን አዲስ ነገር የምንነግር አይደለንም፤ አዲሱ ነገር የሃይፋው ድንጋይ ነው።

ካርሜል ከባሕር የወጣ ተራራ ነው

የካርሜል ተራራ ከፍተኛው ቦታ 546 ሜትር ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከራስ ደጀን ጋር ሲተያይ ኮረብታ ነው ብንል ማንም አይቀየመንም። ድንጋዩ የተሠራው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቦታው ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ሥር በነበረበት ጊዜ ነው። የባሕር ፍጥረታት ቅርፊትና የባሕሩ ኖራ ወለሉ ላይ እየተነጠፈ ደነደነና በሃ ድንጋይ፣ ዶሎማይትና ጠመኔ ሆነ። በሃ ድንጋይና ጠመኔ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ዶሎማይት ደግሞ ከካልሲየሙ ጋር ማግኒዥየም አለበት። በሙህራቃ አካባቢና በሌሎች ጥቂት ቦታዎች የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ የደነደነበት ድንጋይም ይገኛል፤ ከተራራው ስፋት አንጻር ግን ትንሽ ነው።

በተራራው ሥር የኔሼር ከተማ የምትገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራ ከጀመረው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ነው፤ ሁለቱም እዚያው ተራራው ጎን ላይ ነበሩ።

ከአናት እስከ ባሕር፦ አራት ዓይነት አፈር

ከካርሜል አናት ወደ ታች ስንወርድ አፈሩ በአጭር መንገድ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። ጠንካራው በሃ ድንጋይና ዶሎማይት ባለበት ቦታ ቀይ አፈር አለ፤ ቴራ ሮሳ ይባላል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከሥር የሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመጠኑ ኮምጣጣ ያደርገዋል፤ ይህ ውሃ ኖራውን በሺህ ዓመታት ውስጥ እያሟሟ ይወስደዋል። የማይሟሟው ሸክላና ብረት ይቀራል። ቀለሙ የመጣው ሄማታይት ከሚባለው የብረት ማዕድን ነው፤ በአጭሩ ዝገት ነው። ከግማሽ በላዩ ሸክላ የሆነ ቴራ ሮሳ ብዙ ነው። ሆኖም አፈሩ በድንጋዮች መካከል ባሉ ስንጥቆች ውስጥ የተቀመጠ ስስ አፈር ነው።

እዚህ ላይ ሊቃውንትን ያስገረመ ነገር አለ። በሃ ድንጋዩ ንጹሕ ኖራ ስለሆነ ሲሟሟ የሚቀረው እጅግ ትንሽ ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ሸክላና ኳርትዝ ከየት መጣ? በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ተመራማሪ የነበሩት ዳን ያዓሎን (1924–2014) እ.ኤ.አ. በ1973 ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት መልሱ አቧራ መሆኑን አሳዩ። ከሰሐራና ከአካባቢው በረሃ በነፋስ የሚመጣ አቧራ ለአሥር ሺዎች ዓመታት በተራሮቹ ላይ ሲወርድ ኖሯል። በጸደይ ሻራቭ ሲነፍስ በመስኮታችን ላይ የምንጠርገው ቡናማ አቧራ ማለት ነው። የካርሜል ቀይ አፈር ከፊሉ ከአፍሪካ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ድንጋዩ ለስላሳ ጠመኔ በሆነበት ቦታ ደግሞ አፈሩ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ይሆናል፤ ሬንድዚና ይባላል። ጠመኔው በቀላሉ ስለሚፈርስ ኖራው ተጠርጎ አያልቅም። ነጣ ባለው ሬንድዚና ውስጥ ከመቶው ሃምሳና ከዚያ በላይ ኖራ መኖሩ የተለመደ ነው። የሎሚ ዛፍ ቅጠል ቢጫ የሚሆነው ከሁሉ በላይ በዚህ አፈር ላይ ነው።

ከተራራው በስተሰሜንና ምሥራቅ በቂሾን ወንዝ ዙሪያ ጥቁርና ከባድ ሸክላ አለ። በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ጎንደሬ ሲያየው ወዲያው «ይህማ ዋልካ ነው» ይላል፤ ልክም ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ዋናው ማዕድን ስሜክታይት ሲሆን ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸማቀቅ ሸክላ ነው። ቀጥ ያለ ልዩነቱ እዚህ ያለው ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ ኖራ የተቀላቀለበት መሆኑ ነው።

በምዕራቡ ጎን፣ ባሕሩ ዳር፣ ኩርካር የሚባል በኖራ የተጣበቀ የአሸዋ ድንጋይና ሀምራ የሚባል ቀይ አሸዋማ አፈር ይገኛል። በናሐል ሜዓሮት ባለችው በታቡን ዋሻ ውስጥ ይህ ታሪክ በንብርብር ይታያል። ዶሮቲ ጋሮድ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1934 በአካባቢው ዋሻዎች ስትቆፍር በታቡን ከታች ከባሕር ዳር በነፋስ የገባ አሸዋ፣ ከላይ ደግሞ ከተራራው ታጥቦ የወረደ ቀይ አፈር ተገኝቷል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ የሁለቱን ቀለም ልዩነት ቆማችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

የአፈሩ ስስነት ዋጋ የታየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በካርሜል ላይ በተነሣውና 44 ሰዎች በሞቱበት ቃጠሎ ነው። ደን ሲቃጠል አመዱ ለጊዜው ካልሲየምና ፖታስየም ይጨምራል፤ ነገር ግን የሚይዘው ሥርና ቅጠል ስለሌለ ቁልቁለቱ ላይ ያለውን አፈር ዝናብ ያጥበዋል። በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ አፈር በጥቂት ከባድ ዝናብ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «ለጓሮዬ ቀይ አፈር» ብሎ ከካርሜል ጫካ መቆፈር አይገባም። የካርሜል ሰፊው ክፍል የተፈጥሮ ጥብቅና ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በሕግም ያስጠይቃል።

ከዓባይ የመጣ አሸዋ

ኪሪያት ያም ውስጥ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «የእኛ ጓሮ አሸዋ ብቻ ነው» ይሉናል። እውነት ነው። የሚያስደንቀው ግን አሸዋው የመጣበት መንገድ ነው። የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ሲሆን ያመጣው የዓባይ ወንዝ ነው። ወንዙ ደለሉን ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ሲደፋ የባሕሩ ሞገድና ጅረት አሸዋውን በሲናና በእስራኤል ዳርቻ ወደ ሰሜን ሲገፋው ኖሯል፤ የጉዞው መጨረሻ የሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከዓኮ በስተሰሜን ያለው አሸዋ በአብዛኛው ከባሕር ቅርፊት የመጣ ኖራ ነው።

ኳርትዙ ከኢትዮጵያ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከሱዳንና ከግብፅ የአሸዋ ድንጋይም አለበት። ነገር ግን በአሸዋው ውስጥ ከሚገኙት ጥቋቁር ከባድ ቅንጣቶች መካከል ፓይሮክሲን የሚባለው ማዕድን የኢትዮጵያ ደጋ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ምልክት ነው። አብዛኛው የዓባይ ደለል የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን የሚወርደውም በጥቁር ዓባይና በአትባራ ነው፤ አትባራ ደግሞ ከስሜን ሥር የሚመጣውን የተከዜን ውሃ ይቀበላል። ከስሜን ታጥቦ የሄደ አፈር ከእኛ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ ሃይፋ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቅ ግድብ ደለሉን ስለያዘው ዛሬ አዲስ የሚመጣ የለም፤ ያለው ቀድሞ የመጣው ነው።

የጎንደር ደጋ፦ የእሳት ድንጋይ

የጎንደርና የስሜን ድንጋይ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት በወጣ የቀለጠ ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ባዛልት ብረት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛበት ነው፤ እንደ ካርሜል የኖራ ድንጋይ ግን አይደለም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚወርድ የሚሟሟውን ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታስየም አጥቦ ይወስዳል። ውሃ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ብረትና አሉሚኒየም ስለሚቀር ቀዩ አፈር ይፈጠራል፤ ሸክላውም በአብዛኛው ካኦሊናይት ነው። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ዋልካው ይሠራል።

ልብ በሉ፤ የጎንደሩም የካርሜሉም ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ነው። አባቶቻችን የካርሜልን ቀይ አፈር አይተው «ይህን እናውቀዋለን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ቀለሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ግን ተቃራኒ ነው። የአፈር ጠባይ የሚለካው ፒ ኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ሲሆን ከዚያ በታች ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ ኖራማ ይባላል። በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ከ5 እስከ 6 ይሆናል። በሃይፋ ያለው ከ7 በላይ፣ ሬንድዚናው እስከ 8 ይደርሳል። መለኪያው አንድ ቁጥር ሲለወጥ ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ይለወጣል።

ዛሬ በኢትዮጵያ የግብርና ባለሙያዎች ኮምጣጣ አፈር ላለባቸው ገበሬዎች ኖራ እንዲበትኑ ይመክራሉ። አመድም በከፊል ኖራ፣ በከፊል ፖታስየም ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ጓሯቸው ላይ አመድ ሲደፉ ሳይንሱ ዛሬ የሚለውን ነበር የሚሠሩት። በሃይፋ ግን አመድ መበተን ኖራ ላይ ኖራ መጨመር ነው።

ስለ ዝሆኔ አንድ ነገር

ስለ ደጋው ቀይ አፈር ከተነሣ ስለ ጤና ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በኢትዮጵያ ደጋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እግር የሚያሳብጥ ዝሆኔ የሚባል ሕመም አለባቸው። ሐኪሞች ይህን ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የውስጡን የፈሳሽ ቧንቧ ያቆስላሉ፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም አለ። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔም የተለየ ነው።

በሽታው በእስራኤል እምብዛም ስለማይታይ እግራቸው ያበጠ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያላችሁ ቤተሰቦች ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ «አገር ቤት በቀይ አፈር ላይ ብዙ ዓመት በባዶ እግር ኖረዋል» ብላችሁ ንገሩ። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግና እግርን በባንዴጅ ማሰር እብጠቱን ይቀንሳል። የካርሜል የኖራ አፈር ይህን በሽታ አያመጣም።

ቅጠሉ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ወደ ሎሚው እንመለስ። ቢጫው የሚጀምረው ከአዲሱ ቅጠል ከሆነና የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ብቻ ከገረጣ፣ ዛፉ የጠማው ብረት ነው። አፈሩ ግን ብረት ሞልቶታል፤ ቀይ ያደረገውስ ምን ሆነና! ፒ ኤች ከ7.5 በላይ ሲሆን ብረቱ አይሟሟም፤ ሥሩም ሊጠጣው አይችልም። ዚንክና ማንጋኒዝም እንደዚሁ ይታሰራሉ። ፎስፈረስ በሁለቱም አገር ይታሰራል፤ እዚያ ብረትና አሉሚኒየም፣ እዚህ ካልሲየም ያስሩታል። ዛገ ሚስማር መቅበር ስለዚህ አይረዳም፤ የታሰረ ብረት ላይ ሌላ የታሰረ ብረት መጨመር ነው።

በቤታችሁ የምታደርጉት ቀላል ምርመራ አለ። ከጓሮው አንድ ማንኪያ ደረቅ አፈር ወስዳችሁ ነጭ ሆምጣጤ አንጠብጥቡበት። ቢፈላና አረፋ ቢያወጣ ነፃ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ ብዙ ካረፋ ብዙ ነው። ምንም ካላለ ኖራው ትንሽ ነው። ከሕንፃ ሥር ያለ አፈር ብዙ ጊዜ ያረፋል፤ ግንበኞች የጣሉት የሲሚንቶና የልስን ፍርስራሽ ስለተቀላቀለበት ነው። ሆምጣጤውን ለምርመራ እንጂ ለማከም አትጠቀሙበት፤ ኖራው ወዲያው ያከሽፈዋል።

የሚረዳው ምንድን ነው? አንደኛ አመዱን ማቆም። ሁለተኛ በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ መጨመር፤ ይህ በሁለቱም አገር ልክ ነው። ሦስተኛ ውሃ አለማብዛት፤ ኖራማ አፈር ረጥቦ ሲታፈን የብረቱ ችግር ይብሳልና። ይህ ሁሉ ካልበቃ በሚሽታላ የሚሸጥ የብረት ኬላት አለ። ስትገዙ ኢ-ዲ-ዲ-ኤች-ኤ የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ፤ በኖራማ አፈር ውስጥ ሳይበላሽ የሚቆየው እሱ ነው። ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ዱቄት ሲሆን እጅና ድንጋይ ያቀልማል። ብርሃን ስለሚያበላሸው በጸደይ፣ አመሻሽ ላይ፣ በመጠቅለያው የተጻፈውን ልክ በውሃ በጥብጦ ሥሩ ላይ ማፍሰስ ነው።

አዲስ ሎሚ ወይም ብርቱካን ስትገዙ በምን ሥር ላይ እንደተዳቀለ ጠይቁ። ኹሽኻሽ የሚባለው መራራ ብርቱካን ኖራን ይችላል፤ ትሪፎልያታ የሚባለው አይችልም። ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሚሽታላ ሂዱ። የአትክልት ቦታችሁ ከድሮ ፋብሪካ ወይም ከመኪና መጠገኛ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ በመሬቱ ላይ ሳይሆን በተገዛ አፈር በተሞላ ሣጥን ውስጥ ትከሉ።

ጤና አዳም የተከላችሁ ግን ምንም አትጨነቁ። አገር ቤት በየጓሮው የነበረው ጤና አዳም በዕብራይስጥ ፔጋም ከሚሉትና እዚህ አገር በዱር ከሚበቅለው ጋር አንድ ዓይነት ተክል ነው። የኖራ ድንጋይ አገሩ ነው። ጎመንም በደንብ ይሆናል።

ቡና የተለየ ነው። ኮምጣጣ አፈር ስለሚፈልግ ሃይፋ ውስጥ መሬት ላይ መትከል ልፋት ነው። በዕቃ ውስጥ ግን ይቻላል። ከሚሽታላ ካቡልና ቱፍ ገዝታችሁ ቀላቅሉ። ካቡሉ ኮምጣጣ ነው፤ ቱፉ ደግሞ ከጎላን የሚመጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ለጎንደር ድንጋይ ዘመድ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው የቧንቧ ውሃ ኖራ ስላለው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚጥለውን ዝናብ በባልዲ አጠራቅማችሁ ቡናውን በእሱ አጠጡ፤ ባልዲውን ግን ትንኝ እንዳይራባበት ክደኑት።